የገበየሁ ጓጉንቸር

ይህ ከደረሰብኝ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ቡሬ አካባቢ የመብራት ሠራተኛ ሆኜ ሳገለግል ነው። የለቅሶ ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እግሬም ሩጥ ሩጥ ይለኛል።

የማከፋፈያ ጣቢያችን ትልቁ ትራንስፎርመር የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ ነበር። ትራንስፎርመሩ ሳይግል ጋለ እያለ መብራቱን ድርግም ያደርገዋል። ሕዝቡ እኛን ሲረግም ከረመ። አዲሱ መለኪያ እንደመጣ መብራት አጥፍተን ልንቀይረው በጠዋት ገባን።

ለጥገና ስናጠፋ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ እናንጠለጥላለን። ቁልፉ በየኪሳችን ነው። ሁሉም መጥቶ የራሱን ካልከፈተ መብራት አይለቀቅም፤ አንዱ ሽቦ ላይ እያለ ሌላው እንዳይገድለው ነው።

እኩለ ቀን ላይ መለኪያውን አስረን ጨረስን። ጓጉንቸሮቻችንን ከፈትን። አንድ ቀረ፤ የባልደረባችን የገበየሁ። ገበየሁ ግን የለም።

ይህን ጊዜ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የባለቤቴ እህት ናት። ባለቤቴ ሁለት ወር እየቀራት ድንገት ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ወልዳለች።

"ወንድ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል" አለችኝ። "ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን አለ፤ መብራት የለም። በእናትህ ልቀቁልን!"

አለቃችን እግር ላይ ወድቄ ጓጉንቸሩን እንቁረጠው አልኩ።

"ሰውየው መስመር ላይ ወጥቶ ቢሆንስ? ያንተን ልጅ ላድን ብዬ የሌላውን ላቃጥል?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ቢሆንም ጠላኋቸው።

የጣቢያችን ዘበኛ ረፋድ ላይ ጥሩምባ መነፋቱን ያስታወሰው ያኔ ነው። በእኛ አገር ጥሩምባ ተነፍቶ ሥራዬ ብሎ የሚቀር ሰው የለም። ገበየሁም ድርሻውን ሲጨርስ ቀብር ደርሼ ልመለስ ብሎ ሄዶ ይሆናል፤ ቁልፉን በኪሱ ይዞ!

ማሳውን አቋርጬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ። ሬሳው ገና መንገድ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ነጭ ለብሶ አንገቱን ደፍቷል፤ ከኋላ ማን ማንን ይለያል? ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት የወጣው ለቅሶ ነው። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ።

ለቀስተኛው ከሩቅ የመጣ ዘመድ መስዬው መንገድ ከፈተልኝ። ሁለት ጎረምሶች እንዳልወድቅ ክንዴን ይዘው ሬሳው ድረስ ወሰዱኝ። ልቀቁኝ ባልኩ ቁጥር አጥብቀው ያዙኝ።

የሟች ሚስት፣ አሮጊት ናቸው፣ ቀና ብለው አዩኝ። "ኧረግ ልጀ! አንተ የማን ነህ?"

"እማማ፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው። መብራት እንዳንለቅ ቁልፉ ገበየሁ ኪስ ነው።"

ምኑ እንደገባቸው እንጃ፤ እጃቸውን አንሥተው አስለቃሿን ዝም አሰኙ። "ገበየሁ የሚባል የመብራት ሰው ካለ ይውጣ! የዚህ ሰው ልጅ እየሞተበት ነው!" ሬሳውን የተሸከሙትም ባሉበት ቆሙ።

ገበየሁ ከሕዝቡ መሃል ወጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ወደ ጣቢያው ሮጥን። ጓጉንቸሩን ከፈተ። መብራት ተለቀቀ፤ አዲሱ መለኪያም በደንብ ሠራ።

ጤና ጣቢያ ደወልኩ። የባለቤቴ እህት ስልኩን አንሥታ "አልደረሳችሁለትም" አለችኝ።

ክርስትና ላልተነሣ ጨቅላ ለቀስተኛ አይጠራም። በማግስቱ ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ቀብሬው ቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ደጃችን በሰው ተሞላ። ከፊት እኚያ አሮጊት ናቸው፤ በእግራቸው መጥተዋል።

"ምነው እማማ፣ የራስዎን ሐዘን ጥለው?" አልኳቸው።

"ትናንት እኔ ሐዘን ላይ አላለቀስክም?" አሉኝና ባለቤቴን አቅፈው ለልጃችን እሪ አሉ። የተከተላቸው ሁሉ አብሮ አለቀሰ።

ገበየሁን ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን ውሸቴን ነው። ባለቤቴ ያን ልጅ ስታነሣ "ስም ሳይወጣለት ሄደ፤ ግን አገር አለቀሰለት" ትላለች። እኔም ከዚህ የተሻለ መጽናኛ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።