የአምፖሎች መቀነት

እኛ ብሎክ አምፖል የተቃጠለበት ሰው መጀመሪያ የሚያረዳው ጋሽ ሙለታን ነው። "ጋሼ፣ የኛዋ አረፈች" ይላቸዋል። እሳቸውም እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ "ምነው፣ ፎቶዋን እንኳ ሳላነሳት!" ይላሉ።

ጋሽ ሙለታ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከኔ የስፌት ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ ናቸው። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፤ እሳቸው ብርሃን ይሰበስባሉ። መሣሪያቸው የጫማ ካርቶን ነው። በአንደኛው ጫፍ ሁለት ምላጭ አፍ ለአፍ አጠጋግተው ለጥፈው፣ በመሃላቸው ፀጉር ብቻ የምታሾልክ ክፍተት ትተዋል። ውስጥ፣ በሌላው ጫፍ፣ የሲዲ ቁራጭ ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። ከላይ በበሷት ቀዳዳ ላይ የስልካቸውን ካሜራ ያስጠጉና ምላጩን ወደ አምፖሉ ያዞራሉ። ብርሃኑ በክፍተቷ ገብቶ ሲዲው ላይ ሲያርፍ ይዘረዘራል፤ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ተዘርግቶ ልክ የማርያም መቀነት ይመስላል። ፎቶ የሚያነሱት ይህንን ነው። ልጃቸው አያንቱ "አባዬ፣ ስፔክትረም ነው የሚባለው" ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን መቀነት ማለቱን መረጡ።

"ብርሃን ሁሉ ነጭ ለብሶ ነው የሚመጣው" ይላሉ። "መቀነቱን ፈትተሽ ስታዪው ግን ማንነቱን ይነግርሻል።"

ሲዲው የአያንቱ ሠርግ ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዲንቄ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። ከበረንዳቸው ሆነው ግቢውን በሙሉ ምስክር ያደርጋሉ፦

"ልጄን የዳርኩበትን ሲዲ እንደ ጎመን ከተፈው! ሙሽራዋ አሁን ካርቶን ውስጥ ናት!"

"ማጫወቻው ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው" ይመልሳሉ ጋሽ ሙለታ ከታች። "አሁን ቢያንስ ቀለም ታያለች።"

ያላነሱት ብርሃን የለም። የመንገዱን መብራት፣ የፋርማሲውን አረንጓዴ መስቀል፣ የታክሲ ፊት መብራት፣ ልደታ ማርያም ደጅ የበራ ጧፍ። ሁሉንም በደብተር ጽፈዋል። አንድ ቀን ገልጬ ሳይ "ፍሪጅ፣ የራሴ። መቀነቷ ሙሉ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ግን ዋስ አልሆናትም" ይላል። አንዴ ደግሞ ቡታጋዙ ላይ ጨው በትነው ፎቶ ሲያነሱ፣ በሩ ክፍት ስለነበር ደረጃ የምትወርድ ጎረቤት አየቻቸው። እሷ ምድር እስክትደርስ "ጋሽ ሙለታ ድግምት ጀመሩ" የሚለው ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበር። እሳቸው ጨው እሳት ውስጥ ሲገባ አንዲት ብጫ መስመር ብቻ እንደሚሰጥ ሊያስረዱን ሞከሩ። እትዬ ዲንቄ ግን ነገሩን አሳጠሩት፦ "የወጡን ጨው እሳቱ በላው፣ እኛ ባዶውን በላን።"

ከሁሉም በላይ ያሾፍኩባቸው እኔ ነኝ። ሱቄ ደረጃው ሥር የተወሸቀች ናት፤ ፀሐይ ስለማይደርሳት አምፖል ከጠዋት ጀምሮ ይበራል። ባለቤቴ ሰላሁን ያንን እንደ ጠመዝማዛ ከረሜላ የተጠቀለለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል አምጥቶ ሰቀለልኝ። ጋሽ ሙለታ በሳምንቱ ካርቶናቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

"ሲፈን፣ አምፖልሽን ላንሳት?"

"ጋሼ፣ ቀድመው ቢነግሩን ተኳኩላ ትጠብቅዎት ነበር እኮ!"

አነሷት። ከዚያ ስልኩን ወደኔ አዙረው፣ "አየሽ? ጥርሷ የወለቀ ናት" አሉኝ። እውነትም ቀለሙ የተያያዘ አልነበረም፤ ሐምራዊ መስመር፣ ባዶ፣ አረንጓዴ መስመር፣ ደግሞ ባዶ። ቀዩ ጋ ስትደርስ አንዲት ቀጭን ክር ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ። "ቀይ ይጎድላታል። አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ብታስቢበት።"

"ብርሃን ነው ወይስ ሽሮ ነው ጋሼ፣ በርበሬ የሚጎድለው?" አልኳቸው። ስቀው ደብተራቸው ላይ ጻፉ፦ "የሲፈን ሱቅ። ጥርሷ የወለቀ።" እኔም ልጄን ኪያን ጀርባዬ ላይ አጠበቅኳትና ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ። አላሰብኩበትም።

ሱቅ ከከፈትኩ በሰባተኛው ወር፣ እስከዚያ ቀን ዚፕ ስቀይርና ሱሪ ሳሳጥር ለኖርኩት ሴት፣ ትልቁ ሥራ መጣ። እንዳለች የምትባል፣ ታናሽ እህቷን የምትድር ሴት፣ የሚዜ ቀሚስ አዘዘችኝ። ወይን ጠጅ ሽፎን፣ ረጅም እጅጌ። ሚዜዎቹ አራት ነበሩ፤ ሠርግ ሲቃረብ ሚዜ ይራባልና ስድስት ሆኑ። የገዛሁት ጨርቅ ለስድስቱ ቀሚሶች ገላ በቃ እንጂ ለእጅጌ አልደረሰም። አብነት ሰፈር ያለችው ጨርቅ ሻጭ አሚራ ሌላ ጣቃ አወጣችልኝ። አምጥቼ ከመጀመሪያው ጋር ሱቄ ውስጥ አስተያየሁት፤ መንታ ናቸው። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ ተኮስኩ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ሐሙስ ረፋዱ ላይ እንዳለች መጥታ አንዱን ለበሰችው። መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች።

"ውይ ሲፈን፣ እጅሽ ይባረክ! ቆይ ለእማዬ ፎቶ ልላክላት" ብላ ስልኳን ይዛ ግቢ ወጣች። ከዚያ፦

"ሲፈን! ይሄ እጅጌ የማነው?"

ወጣሁ። ፀሐዩ ላይ ቆማለች። ገላው ወይን ጠጅ ነው። እጅጌው የጥሬ ጉበት መልክ አለው። ስድስቱንም አወጣናቸው፤ ስድስቱም ከሰው እጅጌ የተበደሩ ይመስላሉ።

"የማን ልብስ ነው ይሉናል?" አለች እንዳለች፤ ሳቋ ጠፍቷል። "ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ካልተስተካከለ ስድስቱንም ይዤ ሌላ ሰፊ ጋ ነው የምሄደው። አትቀየሚኝ፣ የእህቴ ሠርግ ነው።"

እንዴት እቀየማታለሁ? ልክ ነበረች። ግን ሰው የሚያስታውሰው እንዳለችን አይደለም፤ "የሚዜ ልብስ ያበላሸችው" የምትባለው እኔ ነኝ። ያ ስም አንዴ ከወጣ ከልደታ እስከ አብነት ዚፕ እንኳ የሚሰጠኝ አላገኝም። አሚራ የሚለቅ ጨርቅ ሸጣልኛለች አልኩ በልቤ፤ በሁለት ቀን ቀለሙ የሄደ ጨርቅ! አንዱን ቀሚስ አንስቼ፣ ኪያን አዝዬ ወጣሁ።

ጋሽ ሙለታ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ካርቶናቸውን ነጩ ግድግዳ ላይ ደግነዋል።

"በዚህ ፍጥነት ወዴት ነው?"

"አሚራን ላንቃት!"

"ይሁን፣ አንቂያት። ከማነቅሽ በፊት ግን ሳጥኑን እዪልኝ።"

የማላከብራቸው ሰው ቢሆኑ ትቻቸው እሄድ ነበር። ቆምኩና በቀዳዳው አየሁ። ከግድግዳው የሚመለሰው የፀሐይ ብርሃን ከሐምራዊ እስከ ጥቁር ቀይ ድረስ አንድም ሳይጎድል ተዘርግቷል። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ሱቄ አስገቡኝና ወደ አምፖሌ አዞሩት። ያቺው ጥርሷ የወለቀ። ቀሚሱን ተቀብለው አምፖሉ ሥር ዘረጉት። ገላና እጅጌ መንታ ሆኑ። ወደ ግቢ አወጡት፤ ተለያዩ። መልሰው አስገቡት፤ ታረቁ።

"ጨርቁ አልለቀቀም ልጄ" አሉ። "ሁለቱ ጨርቆች ልዩነታቸው ቀዩ ላይ ነው። አምፖልሽ ቀይ ከሌላት በምን ታሳይሽ? ደበቀችሽ እንጂ።"

"እንዴት አወቁ?" አልኩ።

"ጨለማ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።"

ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አብነት አካባቢ የነበረ ፎቶ ቤት ውስጥ በቀይ አምፖል ሥር ፎቶ ሲያጥቡ ነው ጉልምስናቸው ያለፈው። ያላወቅሁት ቀጣዩን ነው። ሥራ በጀመሩበት ዓመት የደንበኞችን ስም ነጭ ፖስታዎች ላይ በቀይ እስክሪብቶ በሚያምር ጽሕፈት ጻፉ። ፖስታዎቹን ይዘው ቀይ አምፖሉ ሥር ሲገቡ ስሞቹ በሙሉ ጠፉ። ቀይ ብርሃን ላይ ቀይ ቀለም አይታይማ! ወጣት ነበሩና አለቃቸውን መጠየቅ አፈሩ፤ ፎቶዎቹን በግምት አደሉ።

"የኔ ፖስታ ውስጥ አንድ ጢማም ሽማግሌ ነበር!" አሉ እትዬ ዲንቄ ከበረንዳቸው፤ ለካ ሲያዳምጡ ኖረዋል። "ሦስት ጊዜ ለጠብ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ፎቶዬን ሳይሆን ባሌን ይዤ ወጣሁ!"

"ፎቶዋ እስከ ዛሬ አልተገኘም" አሉ ጋሽ ሙለታ በዝቅታ። "ሽማግሌው አልመልስም አለ።"

አብነት ድረስ አብረን በእግራችን ሄድን። አሚራ ከነካርቶናቸው ስታያቸው፣ "ሲፈን፣ ዛሬ ደግሞ ዳኛ ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ።

"ዳኛዋ ውጭ ናት" አሉ ጋሽ ሙለታ፣ ወደ ፀሐይ እየጠቆሙ። "ጣቃዎቹን ደጅ እናውጣቸው።"

"ጋሼ፣ ጨርቄ ደጅ ወጥቶ አቧራ ሊጠጣ?"

"ያንቺንም አምፖል ሳላነሳ አልሄድም" ሲሏት ተሸነፈች። ወይን ጠጅ የሚባሉትን አራት ጣቃዎች አወጣን። ውስጥ አራቱም አንድ ነበሩ፤ ደጅ በዝምድና የማይገናኙ አራት ሰዎች ሆኑ። መንገደኛው ቆሞ ይፈርድ ጀመር፤ አንዱ ሸቀጥ ተሸካሚ ሸክሙን ሳያወርድ "ሦስተኛው ነው፣ ምን ያከራክራችኋል?" ብሎ አለፈ። እውነትም ሦስተኛው ነበር። ከቀሚሱ ገላ ጋር አስጠጋነው፤ የት እንደሚያልቅና የት እንደሚጀምር ዓይኔ ማግኘት አቃተው።

አሚራ ወገቧን ይዛ ጣቃዎቹን ስታይ ቆየች። "ያረቢ" አለች፤ "ስንት ሰው 'ለቀቀብኝ' እያለ መልሶልኛል! ስንቱ ረግሞኝ ይሆን?"

ላንቃት እንደመጣሁ አልነገርኳትም። ጋሽ ሙለታም አልነገሯትም። ይሄን ውለታቸውን አልረሳም።

ዓርብ ኪያን እትዬ ዲንቄ ያዙልኝ። አሥራ ሁለት እጅጌ ፈታሁ፣ አሥራ ሁለት ቆረጥኩ። ጋሽ ሙለታ በር ላይ በርጩማቸውን አስቀምጠው አንዱን በጨረስኩ ቁጥር "ለዳኛዋ እናሳያት" እያሉ ወደ ግቢ ይወስዱት ነበር። ከአንድ ጣቃ ነው የወጣው ብላቸው ማን ይሰማኛል! በዘጠነኛው ላይ ልጮህባቸው ነበር፤ ግን ያን ቀን በሳቸው ላይ ለመጮህ ፊት አልነበረኝም።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት እንዳለች መጣች። ሱቅ አልገባችም። "አምጪው፣ እዚሁ ደጅ ነው የማየው" አለች። ለብሳው ፀሐዩ ላይ ቆመች። እጇን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ጀርባዋን አሳየችን። በረንዳው ላይ እትዬ ዲንቄ እንኳ ዝም ብለዋል፤ ይሄ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ነው።

"እጅጌዬ ወደ ቤቱ ተመለሰ" አለች በመጨረሻ፤ ሳቀች። ቀጥላም፣ "ሙሽራዋ ለመልስ ሌላ ቀሚስ ትፈልጋለች። ጨርቁን ግን አብረን፣ ደጅ ላይ ነው የምንገዛው።"

እኔ አመሰግናለሁ ሳልላት ጋሽ ሙለታ ገቡበት። "አዳራሹ ምን ዓይነት አምፖል ነው ያለው?"

"ጋሼ፣ እኔ የማውቀው በሬው መታረዱን ነው። አምፖሉን መጥተው ይዩት!"

ሄዱ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ካርቶናቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። እትዬ ዲንቄ እንደነገሩን በር ላይ ያለው አስተናጋጅ የጫማ ካርቶን ሲያይ ስጦታ መስሎት ተቀበላቸውና ከስጦታዎቹ ጋር ቆለለው። ሰው ሲጨፍር እሳቸው "የኔ ነው" ማለት አፍረው የስጦታውን ጠረጴዛ ሲጠብቁ አመሹ። የአዳራሹ አምፖሎች ፎቶ የላቸውም።

አሁን መቁረጫ ጠረጴዛዬን ወደ በሩ አውጥቼዋለሁ፤ ደንበኛ ከመጣ ጨርቁን ግቢ ወጥተን ነው የምናየው። ደብተራቸው ላይም የድሮው ተሰርዞ "የሲፈን ሱቅ፣ በር ላይ። ጥርሷ ሙሉ" ተብሎ ተጽፏል።

ለውለታቸው ካርቶኑን ዳግም ማንም ስጦታ እንዳይለው የጨርቅ ቦርሳ ልሰፋላቸው ቃል ገባሁ። "ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን እንዳያስገባ" አሉኝ። ቁርጥራጭ የማስቀምጥበትን ጆንያ አገላብጠው፣ ሱቁ ውስጥ ከአምፖሉ ሥር፣ እራሳቸው መረጡ። ደጅ አለማውጣታቸውን አስተውዬ ነበር፤ ግን ምን ገዶኝ? አሳምሬ ሰፋሁት። ካርቶኑን ከተው፣ ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ግቢ ወጡ። ፀሐይ አረፈበት።

ጥቁር ሰማያዊ ነበር።

ቦርሳውን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ቀስ ብለው ወደኔ ተጠጉና፣ "ሲፈን ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ "ለዲንቄ እንዳትነግሪ።"

"አይቻለሁ!" አሉ እትዬ ዲንቄ ከላይ።