ሁለቱንም በር ክፈቺ

ዛሬ ጠዋት ባሕር ማዶ ኒው ሆፕ ከተማ ካለው አፓርታማችን ስወርድ፣ በረዶውን እንዲያቀልጥ የተበተነው ጨው ከጫማዬ ሥር ተንኮሻኮሸ። ጓንቴ ላይ የተጣበቀችውን ቅንጣት በምላሴ ነካኋት። ልጄ ከመኪናው ውስጥ፣ "ማሚ፣ ኖ! ምን እያደረግሽ ነው?" ብላ ጮኸች። እኔ ግን አሰብ ደርሼ ነበር።

ያደግሁት ከአሰብ ወጣ ብላ ባሕሩ ዳር በተሠራች የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አባቴ ጨው ማምረቻው ይሠራ ነበር። እናቴ ከወሎ ደጋ ተድራለት የመጣች ናት፤ ክረምት ሲባል የምታውቀው ሐምሌን ነው። አሰብ ግን ሐምሌ እሳት ነው። የሚያስፈራው በታኅሣሥ የሚነሳው የደቡብ ነፋስ ነበር።

ጎረቤታችን የአጥማጅ ሚስት፣ አፋር ናት። "ደገኛዋ፣ ዛሬም ዝናብ ትጠብቂያለሽ?" እያለች በእናቴ ትቀልዳለች። እናቴ አትስቅላትም። ሃይማኖታችን ስለሚለያይ ሰሐን ከቤት ቤት አይሻገርም፤ ሰላምታ ብቻ ነበር።

አንድ ረፋድ ቆርቆሮው ያፏጭ ጀመር። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፤ የበሰበሰ የባሕር ሣር ሸተተን። ማዕበሉ ጀልባዎቹን እርስ በርስ ካጋጨ በኋላ ዳር ያሉትን ቤቶች ይመታ ገባ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። እናቴ ሕፃን ወንድሜን አዝላ የፊቱንም የኋላውንም በር ቀረቀረች፤ አልጋውንም አስጠጋች። አገሯ ለጅብም ለዶፍም የሚደረገው ይኸው ነው። የጣውላው ግድግዳ ማዕበሉ በመታው ቁጥር ወደ እኛ ያብጥ ነበር። "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ትላለች።

ጎረቤታችን በኋላ በኩል መጥታ በሩን ደበደበች።

"አንቺ ደገኛ! ክፈቺ! ሁለቱንም በር ክፈቺ!"

"አብደሻል? ለባሕር በር ይከፈታል?"

"እንግዳ ነው፣ ገብቶ ይውጣ! ከዘጋሽበት ቤቱን ከነልጆችሽ ይዞ ይሄዳል!"

እናቴ እኔን አየችኝ። አማተበችና አልጋውን ስባ ሁለቱንም ከፈተች።

ጎረቤታችን እኔን ትከሻዋ ላይ አወጣችኝ። ውሃው በፊተኛው በር ገብቶ፣ ድስቱንም ጫማውንም ልብሱንም ይዞ በኋለኛው ወጣ። ቤቱ እንደቆመ ቀረ። ባለቤቶቹ ቆልፈውት የሄዱት ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ግን ተደረመሰ። ተመስገን፣ ሁላችንም ተረፍን።

ነፋሱ ሲበርድ፣ ጎረቤታችን ቴምር በሰሐን፣ ወተት በጣሳ ይዛ መጣች። "ይኸው መጣልሽ ዝናብሽ!" አለቻት። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያም ከሰሐኗ በላች።

ከዓመታት በኋላ አሰብን በጥድፊያ ስንለቅ አልተሰናበትናትም። መንገዱ ተዘጋ፤ ወሬዋም ጠፋ።

እናቴ ስትጸልይ መጀመሪያ የሙታንን ስም ትጠራ ነበር፣ ቀጥላም የሕያዋንን። ጎረቤታችን ከየትኞቹ እንደሆነች የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ቢሆንም እስክታርፍ ድረስ ከሕያዋኑ ጋር ጠራቻት።

ዛሬ የእናቴን ስም ከሙታኑ ጋር እጠራለሁ። ጎረቤታችንን ግን እናቴ ካኖረቻት ቦታ አላዛወርኋትም።