በቀላሉ የሚለቅ ክር

ሆሊውድ ውስጥ፣ ፊልም መናገር በጀመረ ሰሞን፣ ስሟን የሚጠይቃት አልነበረም፤ ሁሉም "ልብስ ሰፊዋ" ይላት ነበር። ያን ቀን የሚቀረጸው በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት የምትደፈርበት ትዕይንት ስለሆነ፣ ተዋናይዋ ዊልማ የምትለብሳቸውን አራት አንድ ዓይነት ቀሚሶች ሰፍታ መጣች። ቀረጻው በተደገመ ቁጥር አንዱ ይቀደዳል። ሳብ ሲደረግ ወዲያው እንዲለቅ የትከሻውን ስፌት እንድታላላው ታዝዛ ነበር።

"ቀድሞ የሚለቀው ትከሻው አይደለም" አለች ለዳይሬክተሩ፣ ስፒሎቿን ከከንፈሯ ሳታወጣ። "ቁልፎቹ ናቸው የሚበጠሱት።"

"አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?" አለ እየሳቀ።

እሷ ቀሚሱን ማስተካከሏን ቀጠለች።

"በቃ" በተባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ትደርስና የገዛ ሹራቧን ዊልማ ላይ ጣል ታደርጋለች። ልጅቷንም አቅፋ ትይዛታለች።

"አለቀ የኔ ልጅ። እዚህ እኮ ያልቃል።"

በአራተኛው ጊዜ ዊልማ የልብስ ሰፊዋ ደረት ላይ ተደግፋ ሳለ አንድ ነገር ጉንጯን ቆረቆራት። ቀና ብላ አየች። የሰፊዋ ቀሚስ በዚያ የመብራት ሙቀት እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ ቁልፎቹም አንድ ሳይቀሩ የተተከሉት ጫማ በሚሰፋበት ወፍራም ክር ነው።