እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ጭልፊት

ዓርብ፣ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ

ከሰቆጣ የተነሳሁት በኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የተከዜ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የጉዞዬ ምክንያት አንድ ወፍ ነው።

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን ኪሮስ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ከግድቡ ሐይቅ ዳር ደረቅ ዓሣ ሊሸጥ መጣ። ባዮሎጂ እንደማስተምርና ወፍ እንደምከታተል ሰው ነግሮት ኖሮ ትምህርት ቤቱ ድረስ ፈልጎኝ ገባ። መረቡ ውስጥ አንድ አሞራ መያዙን፣ እግሩ ላይ ጽሑፍ ያለበት ብረት ማየቱን፣ አሁን በአንዲት አሮጊት ቤት ታስሮ እንደሚገኝ ነገረኝ።

«እማማ ዝማም አይለቁትም» አለኝ። «ጽሑፉን የሚያነብ ካልመጣ አይሄድም ብለዋል። እዚያው እንዳይሞት እሰጋለሁ።»

ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ በመንደሩ የሚያነበው አልተገኘም። የሴትዮዋ ልጅ ዓረብ አገር እንደሄደ ኪሮስ ጨምሮ ነገረኝ፤ ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ጽሑፉ ከልጃቸው የመጣ መልእክት መስሏቸዋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሴት ልጅ ብቻዋን ቆላ መውረድ እንደሌለባት ብዙ መከሩኝ። ማክሰኞ ጠዋት ክፍል እገኛለሁ ብዬ ወጣሁ።

እህል ለመጫን የሚሄድ አይሱዙ በሃያ ብር ከኋላ አሳፈረኝ። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ነው። ከሰቆጣ ዙሪያ ማሳዎች ስናልፍ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ወደ ታች ስንወርድ ማሽላው ገና ቆሞ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ማማ ላይ ወንጭፍ ያጮሃሉ። ሁለት ጊዜ ጎማ ፈነዳ። ጽጽቃ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ባለሻይ ቤት የሽምብራ ቆሎና ሽሮ አቀረበችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠይቃ ስነግራት ሳቅ ያዛት፤ ለአሞራ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣ ሰው አይታ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ወደ ውሃው

ኪሮስ እንደተቀጣጠርነው ጎህ ሳይቀድ መጣና ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንድ ቦታ ላይ ተንሸራትቼ መዳፌን ላጥሁት። ኪሮስ እንድናርፍ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ወፉ አሥራ አንድ ቀን እንደታሰረ እያሰብኩ እምቢ አልኩ።

ሐይቁ ድንገት ነው የሚታየው። ቡናማ ኮረብታዎች መካከል ሰማያዊ ውሃ ተኝቷል፤ በዳሩ የሰጠሙ የግራር ዛፎች ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ደርቀዋል። የጀልባ መቆሚያው አንድ ግንድና ሦስት ድንጋይ ነው። በሩቅ ማያ መነጽሬ ይብራ የሚባሉትን የዱር ዳክዬዎች በተንጣለለው ውሃ ላይ፣ ሳቢሳ የሚባሉትን ነጫጭ ባለ ረጅም እግር ወፎች በደረቁ ዛፎች ላይ ቆጠርኩ። ከጥቂት ዓመት በፊት እዚህ የነበረው ወንዝና አሸዋ ብቻ ነው። ወፎቹ ይህን ውሃ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

መንደሩ ማዶ ነው። ስንሻገር ኪሮስ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ለስደት መውጣቱን ነገረኝ፤ ግማሹ በመተማ፣ ግማሹ በአፋር በኩል። የእማማ ዝማም ልጅ ደሳለኝ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከየመን ባሕር ዳርቻ አንድ ጊዜ ለጎረቤት ስልክ ደውሎ፣ ነገ ወደ ሳውዲ፣ ወደ ጂዳ እንሻገራለን ብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

እማማ ዝማም ደጃፍ ላይ ሆነው ጠበቁን። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሳይጨርሱ እጄን ይዘው ወደ ጎተራው ጥግ ወሰዱኝ። ወፉ በገመድ ታስሮ በግንድ ላይ ቆሟል፤ ሆዱ ነጭ፣ ጀርባው ቡናማ፣ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የሚያልፍበት፣ ዓሣ አዳኝ ጭልፊት። በመጽሐፍ እንጂ እንዲህ በቅርብ አይቼው አላውቅም። ክንፉ ላይ የነበረው እብጠት ቀንሷል። ሴትዮዋ በየቀኑ ጥሬ ዓሣ እየከተፉ በእጃቸው ሲያበሉት ኖረዋል።

«ጾመኛ ነኝ» አሉ። «እጄ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ቄሱ ተቆጥተውኛል።»

ኪሮስ የወፉን ራስ በነጠላ ሸፈነልኝና እግሩን ያዝኩ። የቀለበቱን ጭቃ በምራቄ ጠረግሁት። የሙዚየም ስም፣ የሀገር ስምና ቁጥር ተቀርጾበታል። ደጋግሜ አነበብኩት። ቀና ስል ሴትዮዋ አፌን አፌን ያያሉ።

«ምን ይላል ልጄ?»

«ፊንላንድ ይላል። በሰሜን ያለ፣ በጣም ሩቅ አገር ነው።»

«ጂዳ አይልም?»

«ይላል» የሚል አንድ ቃል ብናገር ፊታቸው እንደሚበራ አውቄአለሁ። መንገዱን ሙሉ የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

«አይልም፣ እማማ።»

ከዚያ ወደ ኪሮስ ዞረው በኽምጥኛ ተናገሩ። የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ሰማኋቸው፤ ልታስደስተኝ ብላ አልዋሸችም ነው ያሉት። ቀለበቱን ማን እንዳሰረው ጠየቁኝ። የዚያ አገር ወፍ አጥኚዎች ገና ጫጩት ሳለ ዛፍ ላይ ወጥተው እንደሚያስሩለት፣ የትም ወድቆ ቢገኝ ያገኘው ሰው እንዲጽፍላቸው መሆኑን አስረዳኋቸው። በጂዳ በኩል አልፎ እንደሆነም ጠየቁኝ፤ ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ በቀይ ባሕር በኩል እንደሚያልፉ አንብቤአለሁ፣ ይኼኛው ግን በየት እንደመጣ አላውቅም አልኩ።

«እንግዲህ ወፌ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አገር አለ» አሉ። «የኔን ልጅ የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም።»

የወፍ መመዝገቢያ ደብተሬን አወጣሁና አዲስ ገጽ ገለጥኩ።

«እኔ እጠይቅዎታለሁ» አልኩ። «መልኩን ይንገሩኝ።»

ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው፤ ማጭድ የቆረጠው ነው። ግራኝ ነው። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት አትታጠፍም። የአባቱን፣ የአያቱን ስም፣ አብረውት የወጡትን ሁለቱን ልጆች፣ የወጡበትን ወር ነገሩኝ። ለየትኛውም ወፍ ያን ያህል ምልክት ጽፌ አላውቅም። ገጹ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ። ሲጨርሱ የጻፍኩትን ሁሉ አስነበቡኝ፤ የጣቷን ነገር ግራ ብዬ ጽፌው ኖሮ አረሙኝ።

እሑድ፣ ከዓለቱ ላይ

ወፉን ለመልቀቅ የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ቀለበቱን ግን ለማስታወሻ እንድፈታላቸው ፈለጉ። ከተፈታ እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ ሊያውቁት አይችሉም ስላቸው እንደዚያ ከሆነስ አይነካ አሉ።

ጠዋት በጋቢ ጠቅልለው ራሳቸው ተሸከሙት። መንደሩ ሥር አንድ ዓለት ወደ ሐይቁ ረጅም ሆኖ ይገባል፤ በሦስት በኩል ውሃ ነው። ጫፉ ላይ አስቀመጡትና ገመዱን ፈቱ። አልሄደም። ሁለት ቁራዎች መጥተው ይጮሁበት ጀመር። ልገፋው ብዬ ስነሳ እማማ ዝማም ክንዴን ያዙ።

«ተይው። ሲችል ይሄዳል።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከዚያ ክንፉን ዘረጋና ተወረወረ። ወደ ውሃው ወረደ፤ እግሩ ውሃ ነካ፤ የሰጠመ መስሎኝ ተነሳሁ። በጭንቅ ከፍ አለና ደረቅ ግራር ላይ አረፈ። ሴትዮዋ አማተቡና ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ዓሣ እስኪያድን ቆመው አላዩም። እኔና ኪሮስ በጀልባ መሃል ስንደርስ ነው እግሩን ወደ ፊት ሰድዶ ውሃው ውስጥ ሲገባ ያየነው። ሲወጣ ዓሣ ይዟል። ኪሮስ መቅዘፉን አቁሞ ዞሮ ወደ መንደሩ በኽምጥኛ ተጣራ፤ በላ፣ በላ እያለ።

ቤት

ዳገቱን ቀኑን ሙሉ ወጣን። ሰኞ ማታ ሰቆጣ ገባሁ፤ ማክሰኞ እንዳልኩት ክፍል ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱን ለሙዚየሙ፣ አንዱን የጠፉ ሰዎችን ለሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ። ከፊንላንድ ከጥምቀት በኋላ መልስ መጣ። የተፈለፈለበትን ሐይቅ፣ የታሰረበትን ቀን፣ ያን ቀን የመዘነውን ሳይቀር ጽፈው፣ ስላሳወቅኳቸው አመስግነዋል።

ከአዲስ አበባ ግን ምንም። እኔ ወፍ ልጠይቅ ወርጄ የተማርኩት መጠየቅ ራሱ ሥራ መሆኑን ነው፤ የሚጠይቅ ከሌለ የሚመልስ አይኖርም። በፋሲካ ደግሜ ጻፍኩ። በክረምት ደግሞ ራሴ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ደብተሩን ከፍቼ፣ ስለ ጠባሳውና ስለማትታጠፈው ጣት ለጸሐፊዋ አነበብኩላት። ፎርም አወጣችና መጻፍ ጀመረች።