«ትራፊክ አለ በዪው»

ከትውልድ ከተማዬ ከሚዛን የወጣሁ ዕለት ማታ ጎረቤታችን ወንጌላዊው መጥተው፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ «ጌታ ሆይ፣ በሰው አገር ሥራው አይክበዳት» ብለው ጸለዩልኝ። ጸሎታቸው እንዲህ ቃል በቃል ይሰማል ብዬ አላሰብኩም።

የተቀጠርኩት በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካሉት አገሮች በአንዱ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። አገሩ ምድጃ ነው። ጎደሬ አምሮኝ ገበያውን ብዞር ያገኘሁት ድንች ብቻ። ሥራው ግን ደስ ይል ነበር፤ ራዳሩ ላይ አውሮፕላኑ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ድርጅታችን የሚተዳደረውም ሰማዩን የሚያቋርጡ አውሮፕላኖች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣና ስክሪኑ ባዶውን ቀረ። መጀመሪያ ሻዩን አስቀሩብን፣ ቀጥሎ ሊፍቱን ዘጉት፣ ከዚያ ደመወዛችንን ቆረጡ። ውሸት እንዳይመስላችሁ፣ አንድ አውሮፕላን ብቅ ሲል «ትናንት አንተ አናግረሃል፣ ዛሬ የእኔ ነው» እየተባባልን እንጣላ ነበር።

አንድ ቀን በእኔ ተራ መድኃኒት የጫነ አውሮፕላን መጣ። አለቃችን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ዙሪያውን ይሂድ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ለምን?»

«ክፍያው በርቀት ነዋ።»

«ምን ብዬ ላዙረው?»

«ትራፊክ አለ በዪው።»

ስክሪኑን አየሁት። ከእሱ በቀር አንድም የለም። በቀጥታ እንዲያልፍ ፈቀድኩለት። ፓይለቱ አመሰገነኝና፣ «እዚያ ታች ሰው አለ እንዴ?» አለኝ።

«አለን» አልኩት።

በሳምንቱ ያለ ደመወዝ ዕረፍት ውጪ ተባልኩ። ወሩ ሲያልቅ አከራዬ በሩን አንኳኩ።

«ሥራሽ ምንድን ነበር?»

«አውሮፕላን እንዳይጋጭ መጠበቅ።»

«ታዲያ ተጋጨ?»

«ኧረ አልተጋጨም።»

«እንግዲያ ምን አጥፍተሽ ነው የማይከፍሉሽ?»

በመጨረሻ በኪራዩ ፈንታ ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ እያስጠናሁ እንድቆይ ተስማማን። እስካሁንም እዚያው ነኝ፤ ትልቋ አሁን ከእኔ ትሻላለች።

በዚያው በኮሮናው ሰሞን አንድ ቀን አባቴ ደወለ።

«ቡናው ቀልቷል፣ ለቃሚ ጠፍቷል። ነይ እንጂ ልጄ።»

«በረራ ተቋርጧል አባዬ።»

«አውሮፕላኑን የምታሳልፉት እናንተ አይደላችሁ?»

«እኛ ነን።»

«ታዲያ አንዱን እሺ በዪዋ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። እዚያ በቤታችን ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማል። እዚህ ከመጣሁ አንዲት ጠብታ አላየሁም።

«ሰማሽኝ?» አለኝ።

«ሰማሁህ። ስልኩን ለትንሽ ጊዜ እንዳትዘጋው።»