እናታችን በአሰብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ

የመጨረሻዋ ሰላማዊ ቀናችን እሑድ ነበረች። እናቴ በሰሌን ላይ በርበሬ አስጥታ እኔ ከዶሮ እጠብቅላታለሁ። የግቢያችን በር በነፋስ በተንቋቋ ቁጥር፣ "ታደሰ ቢኖር ይሄን በር አንድ ቀን አያሳድረውም ነበር" ትላለች። ታደሰ ታላቅ ወንድሜ ነው። ኮምቦልቻን ትቶ አሰብ ከወረደ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ በነዳጅ ማጣሪያው ታንኮች ላይ ቁጥርና "ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ የሚጽፍ ቀለም ቀቢ ነበር። ውኃ የምቀዳው፣ እንጨት የምፈልጠው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሚወደሰው እሱ። በንዴት በአንዷ ዶሮ ላይ ድንጋይ ወርውሬ ሳትኳት። እንዲህ ያለ ቀን ነበር፤ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ታደሰ ባሕር ሊዋኝ ገብቶ አልወጣም። መርዶው የደረሰን ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው። ጎረቤቶች በሩን ሲያንኳኩ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ለእናቴ ገባት። አሰብ ሙቀቱ ሬሳ ስለማያሳድር ከባሕሩ እንዳወጡት እዚያው ቀብረውት ነበር። ልቅሶው ጋብ ሲል እንዲህ አለችኝ፤ "ልብሱን እዚያው ለቸገረው ስጥ። በእጁ የሠራው ነገር ካለ ግን አንድ አምጣልኝ።" ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ተነሣሁ። የጉዞዬ ምክንያት ይኸው ነው።

ከኮምቦልቻ እስከ ቡሬ

የተሳፈርኩት ሰሊጥ ጭኖ ወደ ወደቡ በሚወርድ ባለ ተሳቢ ፊያት ነው። ሾፌሩ ጋሽ መሐመድ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። ባቲ ላይ በሁለት ብር የፍየል ጥብስ በላን። ከዚያ በኋላ ተራራው አለቀ፤ ነፋሱም ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ሆነ። ሚሌ አደርን። በማግስቱ ኤሊዳርን ስናልፍ መሬቱ የተቃጠለ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር፤ በመሀሉ አንዲት የአፋር ሴት ፍየሎቿን ትነዳለች፤ ወዴት እንደሆነ እንጃ።

"ለመሆኑ አሰብ ማን አለህ?" አለኝ ጋሽ መሐመድ።

"ወንድሜ... ማለቴ፣ ነበረኝ። ታደሰ ይባላል።"

"የአዳራሹ ታደሰ?" መኪናውን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ቆይቶ፣ "እኔንም ስሎኛል እኮ" አለ። "ሆዴን ግን አለቅጥ አተለቀው። ከተሳቢው በለጠ ብለው፣ 'ጋሼ፣ ሸራው ጠቦኝ ነው እንጂ ገና ይቀረው ነበር' አይለኝም!"

"ታደሰ ሥዕል ይሥላል?"

"ወንድሙ ነኝ አላልክም?"

ለእኛ የሚጽፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ ግማሽ ገጽ ነበር፤ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ በርትቷል፣ እናቴን አደራ። እስከ ቡሬ ኬላ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የማለቅስ መስሎት እሱም ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። እኔ ግን እየቀናሁ ነበር። በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር።

አሰብ

ዓርብ ከሰዓት ገባን። አየሩ እንደ እርጥብ ልብስ ገላ ላይ ይለጠፋል። ሰዎች ሽርጥ ታጥቀው፣ የገመድ አልጋቸውን ደጅ አውጥተው ተጋድመዋል፤ ከቤቶቹ በላይ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ጋሽ መሐመድ መጀመሪያ የወሰደኝ መቃብሩ ዘንድ ነው። ዛፍ የሌለው አሸዋማ ቦታ ነው። ጓደኞቹ መስቀሉን በመርከብ ቀለም ሰማያዊ ቀብተውታል። እንባ አልመጣልኝም።

ቀጥሎ አዳራሹ። የሠራተኞች አዳራሽ ነው፤ ስብሰባም፣ ድራማም፣ የኪነት ትርኢትም የሚደረግበት። ጠባቂው ጋሽ በየነ የታደሰ ወንድም መሆኔን ሲሰማ መብራቱን ሁሉ አበራልኝ። ከቲኬት መቁረጫው መስኮት ጀምሮ በኮሪደሩ፣ በደረጃው፣ በወንበሮቹ ግራና ቀኝ፣ እስከ ተዋንያኑ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ የሰው ፊት ተሰቅሏል። በአሮጌ የመኪና ሸራ ላይ፣ ከመርከብ በተረፈ ቀለም የተሣለ። ግድግዳው ስለሚያልበው ሸራዎቹ እንዳይነኩት በገመድ ራቅ ብለው ተንጠልጥለዋል። ጆንያ የተሸከሙ የወደብ ሠራተኞች፣ አንድ የራሔይታ መንደር ዓሣ አጥማጅ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ጋሽ መሐመድ ከነሆዱ።

"ሕግ አውጥቶብን ነበር" አለኝ ጋሽ በየነ። "የባሕሩ ጨው ቀለም ይበላል። ስለዚህ የተሣለ ሰው በየሳምንቱ መጥቶ የራሱን ሥዕል ይጠርጋል። ያልጠረገ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይሰቀላል።"

"የተሰቀለ አለ?"

"ያ የክሬን ኦፕሬተር! ሁለት ወር ሆነው። አሁንማ 'እኔን ሳያይ የሚያልፍ የለም' እያለ ይኮራል።"

እኔ የራሴን ፊት እየፈለግኩ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞርኩ። የለሁም። እናቴ ግን አለች። ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ ጥላ፣ ልትቆጣ ስትል እንደምታደርገው ከንፈሯን ገጥማ። ወንበር ላይ የቆመች አንዲት ሴት የእናቴን ጉንጭ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ እያለች ትጠርጋለች። ፋጡማ ትባላለች፤ ከወሎ የመጣች፣ ወደቡ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ። እናቴ አሰብ ድረስ መጥታ መጥረግ ስለማትችል ታደሰ ለእሷ አደራ ሰጥቷት ነበር።

"እማማ እንዴት ናቸው?" አለችኝ ጋሽ በየነ ማንነቴን ሲነግራት፤ ጎረቤታችን የሆነች ያህል። "ወገባቸውን ተሻላቸው?"

የእናቴን ወገብ ታውቃለች!

"እኔን ለምን አልሣለኝም?" አልኳት።

ጨርቁን ጨመቀች። "ሞክሮ ነበር፣ ወንድሜ። ፊትህ አልመጣ አለው። 'ትቼው ስመጣ ልጅ ነበር፤ አሁን ጢም አብቅሎ ይሆናል። የማላውቀውን ሰው አልሥልም' አለ።"

እውነቱን ነው። ግን ይህን ለእኔ ሳይጽፍ ለሻይ ሻጭ መንገሩ አንገበገበኝ።

ቅዳሜ ምሽት ድራማ ነበር፤ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። እኔን አላስከፈሉኝም። ድራማው ሥራ ፍለጋ ከቤቱ ስለሚወጣ ወጣት ነው። በዚያ አዳራሽ ሥዕል ለድራማ ካስፈለገ ከግድግዳ ወርዶ ይጫወታል፤ ልማዳቸው ነው። የእናቴን ሥዕል አምጥተው መድረኩ ላይ ሰቀሉት። ተዋናዩ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ "እማዬ፣ መርቂኝ" ሲል ሰው ሁሉ አለቀሰ። ያኔ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

"የእኔ እናት ናት!"

ሰዉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ አንዱ፣ "እዚህማ የሁላችንም ናት፤ ተቀመጥ!" ሲል ሰዉ ሳቀ። ሌላው፣ "ተዉት፣ የታደሰ ወንድም ነው" አለ፤ ሳቁ ተቋረጠ። ዝምታው ከሳቁ ይልቅ አመመኝ።

ትርኢቱ ሲያልቅ ሥዕሉን ልወስድ ነው አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። ፋጡማ እንደገና ጠረገችውና ጠቅልላ ሰጠችኝ። "እማማን ሰላም በልልኝ" አለች። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር።

ኮምቦልቻ

ሸራውን መንገዱን ሙሉ አቅፌው መጣሁ። እናቴ መደብ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው። "ወጣት አድርጎኛል" አለች። ከዚያ ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ ስለ መቃብሩ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ጨው። ፋጡማ ላይ ስደርስ ቀና አለች።

"እና ከእጇ ነጥቀሃት መጣህ?"

"የእኛ ነው እኮ እማዬ።"

"አንተ በየቀኑ ታየኛለህ ልጄ። እሱ ነው ከእኔ ርቆ የተኛው። እዚያው አጠገቡ ልሁንለት። መልሰኝ።"

"በእጁ የሠራውን አምጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!"

"አየሁት። በቃኝ።"

ለአንባቢ በግልጽ ልናገር፤ በሞተ ወንድሜ ቀናሁ። ሞቶም እናቴን ወደ እሱ ጠራት። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ካለ፣ ሐዘን ቅናትን እንደማያስወጣው ነው። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ይኖራሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ጠቅልዬ ከባድ መኪኖች ወደሚቆሙበት ሄድኩ። ወደ አሰብ የሚወርድ አንድ ሾፌር አገኘሁ። ደግ ሰው ነው። "ለዚህማ ምን አደከመህ፤ ስጠኝ፣ አዳራሹ ድረስ አደርስልሃለሁ" አለኝ።

"አይሆንም" አልኩት። "የማደርሳት እኔ ነኝ።" ጋቢናው ውስጥ ገብቼ እናቴን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።