ኦክላሆማ የመረጠችው ሰው

ባለቤቴ በጃንሆይ ዘመን አሜሪካን አገር ሁለት ዓመት ተምሯል። የተላከው ኦክላሆማ ወደሚባል ግዛት ነው፤ የተማረውም የከብት እርባታ። ሲያገባኝ ከዚያ ይዞት የመጣው አንድ ወፍራም ካፖርት፣ በካርቶን የታጨቁ መጻሕፍትና እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያወራው አንድ ወሬ ነበር። ካፖርቱን ወንድሙ ለበሰው። መጻሕፍቱን ምስጥ በላቸው። ወሬው ቤታችንን አፈረሰው።

ወሬው ይህ ነው። በ1953 ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት መረጡ። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንደኛው ወጣትና ካቶሊክ ነበር። የኦክላሆማ ሰው አብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለሆነ፣ ለሮም ጳጳስ የሚታዘዝ ሰው አይገዛንም ብሎ ድምፁን ለሌላኛው ሰጠ። በአገሩ ሁሉ ሲቆጠር ግን ካቶሊኩ አሸነፈ። ባለቤቴ በትርፍ ሰዓቱ በኮሌጁ የወተት ላሞች በረት ይሠራ ነበርና፣ በማግስቱ ጠዋት የበረቱ አለቃ ምን እንደሚል ለማየት ማልዶ ሄደ። አለቃው ክፉኛ ካቶሊክ የሚጠላ ነጭ ገበሬ ነው። ፊቱን አጥቁሮ መጣ፤ ተሸነፍን አለ፤ ከዚያ ላሞቹን ወደ ማለቢያው አስገባ። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር ሲጠብቅ ዋለ። ወታደር የሚመጣ፣ ሹም የሚሻር፣ ቢያንስ አንድ ሰው የሚታሰር መስሎት ነበር። ማንም አልመጣባቸውም። ወር አለፍ ሲል ደግሞ ከአዲስ አበባ የታኅሣሡ ግርግር ወሬ ደረሰው፤ ማን እንደተገደለና ማን እንደተሰቀለ እዚያው በረት ውስጥ ሆኖ ሰማ።

አሜሪካን የሚያመልክ ሰው እንዳይመስላችሁ። ምግብ ቤት ገብቶ ጥቁር አናስተናግድም ተብሎ በረሃቡ ተመልሷል፤ ያንንም ከዚሁ ወሬ ጋር አብሮ ያወራዋል። ይገርመው የነበረው ያች አንዲት ጠዋት ብቻ ናት።

ሐይቅ ከተማ ነበር የምንኖረው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ እሱ በግብርና ጽሕፈት ቤት የከብት ባለሙያ። ከሥራው ሁሉ የሚወደው ወደ አምባሰል ገጠር መውጣቱን ነበር፤ እዚያ ሁለታችንም አባባ የምንላቸው ሙስሊም ገበሬ ነበሩ። በሬያቸውን ሲያክም ተዋወቁ፣ ከዚያ ቤተሰብ ሆንን። ለአረፋ እኛ እንሄዳለን፣ ለፋሲካ እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር ይመጣሉ። ሥጋው በየሃይማኖቱ ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ጨዋታው አንድ ነበር። የኦክላሆማን ወሬ እሳቸው አልሰሙትም ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ስንሄድ ወሬያችን ስለ በሬና ስለ ዝናብ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ከብቱ አለቀ። ባለቤቴ የሚያክመው አጥቶ ቢሮ ይውል ጀመር። ቀጥሎ ሠፈራ መጣ። የአባባ ቀበሌ ሰው አንሄድም አለ፤ አገራችን ላይ እንሙት አለ። የእርዳታ ስንዴ ያለበት መጋዘን ተቆለፈ። ለሠፈራ እሺ ያላለ ስንዴ የለም ተባለ። ሰዉ ጥቂት ሳምንት ታግሦ እሺ አለ። የአባባ ትልቁ ልጅ ከሌሎች ጋር በመኪና ተጭኖ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ በዓመቱ በወባ መሞቱን አብሮት የሄደ ሰው ጠፍቶ መጥቶ ነገራቸው። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ተቀመጥን። አባባ አላለቀሱም። ትንሹ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ይዘውት ዋሉ።

በ1978 ክረምት አዲሱ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ለውይይት ቀረበ። በየገበሬ ማኅበሩ እየሄድን አንቀጾቹን ለሕዝቡ እንድናነብ እኛ አስተማሪዎች ታዘዝን፤ ለእኔ የአባባ ቀበሌ ደረሰኝ። ከአውራጃው አንድ ወጣት ካድሬ አብሮን መጣ። ባለቤቴም በግብርና መኪና ተጭኖ መጣ፤ ለምን እንደተፈለገ አልነገሩትም።

ስብሰባው የተደረገው ያ ስንዴ ተቆልፎበት በነበረው መጋዘን ፊት ነው። ሰዉ እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጧል። አንድ አንቀጽ አንብቤ ቀና ስል ከፊሉ አሸልቧል፤ ካድሬው ሲያጨበጭብ ነቅቶ ያጨበጭባል። እንዲህ እያልን ከእኩለ ቀን በኋላ ካድሬው ተነሣና፣ የኢምፔሪያሊስቶችን ምርጫ በዓይኑ ያየ ጓድ መካከላችን ስላለ ወጥቶ ያስረዳን አለ። ባለቤቴን ነው።

ባለቤቴ ወጣ። ምርጫው የባለገንዘቦች መሆኑን ተናገረ፤ ከምግብ ቤት መባረሩንም ተናገረ። ውሸት አልነበረበትም። ካድሬው ደስ ብሎት አጨበጨበ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኛም በሰላም ቤታችን እንገባ ነበር። አባባ ግን እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ አንተ የነበርክበት አገር ሰው የመረጠው ሰውዬ ነው የነገሠው?"

"አይደለም አባባ። እነሱ የመረጡት ተሸነፈ።"

"ታዲያ ምን ተደረጉ?"

ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተ። በዓይኔ ተው አልኩት። አባባ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ምንም አልተደረጉ" አለ።

"እህል አልተከለከሉም?"

"አልተከለከሉም።"

"ሠፈራስ? ልጆቻቸውን አልጫኑባቸውም?"

"የለም አባባ። በማግስቱ ላሞቻቸውን አልበው ዋሉ።"

ያሸለበው ሰው ሁሉ ነቅቶ ነበር። አባባ "አጂብ ነው" ብለው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ካድሬው መፈክር አሰምቶ ስብሰባውን ዘጋ። ቤት ስንገባ ባለቤቴ ጫማውን እያወለቀ "ምን ልበላቸው? ጠየቁኝ እኮ" አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ከቢሮው ወሰዱት፤ ደሴ ታሰረ። ክሱ ሕዝቡን በረቂቁ ላይ አነሣስቷል የሚል ነው። ምስክር ሆነው የቀረቡበት አባባ ናቸው። ይህ ሰው ሕገ መንግሥቱን እምቢ ብትሉ ምንም አትሆኑም ብሎናል ብለው መሰከሩ። እንዲህ ያለ ቃል ከባለቤቴ አፍ አልወጣም።

በዚያው ሰሞን አባባ ቤቴ መጡ። ከበሩ አላለፉም፤ እኔም ግቡ አላልኳቸውም። ቆመው "ትንሹን ልጄን ጣቢያ አስገብተው አሳዩኝ፤ እሱን ደግሞ ልጣው?" አሉኝ። በሩን ዘጋሁት። የያዙትን ማር ደጃፉ ላይ ትተው ሄዱ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

በየቅዳሜው በአውቶቡስ ደሴ እየሄድኩ ለእስር ቤቱ በር ጠባቂ ምግብ አቀብላለሁ። በሕይወት መኖሩን የማውቀው ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስልኝ ነው። አንዳንድ ጊዜ ታጥቦ ይመለሳል፣ አንዳንድ ጊዜ ሳይታጠብ። ሳይታጠብ የመጣ ቀን ታሟል እያልኩ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አስባለሁ።

ጥር ላይ ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠራ። በቀበሌያችን አዳራሽ ድምፅ የምንሰጥበት ጠረጴዛ ሊቀመንበሩ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ማለትም አላስፈለጋቸውም። ማታ በሬዲዮ ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀ ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ፊት ለፊት እንድንገናኝ ፈቀዱልን። ከስቶ፣ ጥርሱ ጎድሎ፣ ዘበኛ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ስለ እናቱ ጠየቀኝ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሐይቅስ ምን አለች?" አለ።

"እሺ አለች።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"አንቺስ?"

"እኔም።"

ራሱን ነቀነቀና "ደግ አደረግሽ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ያለ ፍርድ ለቀቁት። ሥራው አልተመለሰለትም። ብወተውተውም አልሰማ ብሎ በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት አምባሰል ወጣ፣ አባባ ዘንድ። አባባ ከሩቅ ሲያዩት ቤት ገቡ፤ ባለቤታቸው ወጥተው ገበያ ሄደዋል አሉት። ደጃፉ ላይ ጫማቸው ተቀምጦ እያየ እሺ ብሎ ተመለሰ። እኔ ተናደድኩ። እሱ አልተናደደም፤ በሬው ከስቷል፣ ሳል ይዞታል አለኝ። የኦክላሆማን ወሬ ከዚያ ወዲያ ከአፉ አልሰማሁትም። ደርግ ወድቆ ምርጫ ይደረጋል ሲባል ወጣቶች መጥተው በአሜሪካ ያየኸውን ንገረን ቢሉት፣ እኔ የማውቀው ስለ ከብት ነው ብሎ አሰናበታቸው።

አባባ ከእሱ ቀድመው ሞቱ። ባለቤቴ ጋቢውን ለብሶ በእግሩ ወጥቶ ቀበራቸው፤ ሠልስቱንም እዚያው ቆየ። እኔ አልሄድኩም። ለጠየቀኝ ሁሉ እግሬን አሞኛል አልኩ።

ያ ካድሬ አሁን ደሴ ሱቅ አለው። ሸምግሏል። ባለቤቴ መሞቱን ሰምቶ ሲያገኘኝ ነፍስ ይማር አለኝ፣ እኔም አሜን አልኩት፤ ስኳርም ዘይትም ከእሱ ገዝቼ አውቃለሁ። የአባባ ትንሹ ልጅ ደግሞ ሐይቅ ገበያ ውስጥ ይነግዳል። ቁርጥ አባቱን ነው። ከሩቅ ሲያየኝ ለሰላምታ ይነሣል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አላልፍም።